ካሎሪና ማክሮን ለራስ ገበታ መተመን፦ በጾምም በፍስክም የሚሠራ ዝርዝር መመሪያ

በወጥ ቤቴ ያሉትን ድስቶች ብትገለብጧቸው ከሥራቸው በማርከር የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። ትልቁ 1,340፣ መካከለኛው 900፣ መጥበሻዋ 615። የባዶ ዕቃው ክብደት ነው፣ በግራም። እነዚህን ቁጥሮች እስክጽፍ ድረስ ስለ ካሎሪ ያነበብኩት ሁሉ ሰሃኔ ላይ አልደረሰም ነበር። መመሪያዎቹ የሚያወሩት ስለ ዶሮ ደረት፣ ስለ አጃና ስለ አንድ ኩባያ ሩዝ ነው። እኔ የምበላው ደግሞ ለአምስት ሰው ከተሠራ ድስት የወጣ ወጥ ነው፤ ያውም ከአንድ ትሪ ላይ፣ ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም።

ይህን የምጽፈው እንደዚሁ ለሚበላ ሰው ነው። ፍሌክሲብል ዳይት የሚባለው አሠራር ክልክል ምግብ የለውም። የሚወሰነው የቀኑ ጠቅላላ ካሎሪና የሦስቱ ማክሮዎች ማለትም የፕሮቲን፣ የካርቦሃይድሬትና የስብ መጠን ነው። በዚያ ወሰን ውስጥ እንጀራም፣ ክትፎም፣ የልደት ኬክም ቦታ አላቸው። ብዙ ሰው ክብደት ልቀንስ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያባርረው እንጀራን ነው፤ ሁለት ሳምንት ታግሶ ሦስተኛው ላይ ይመለስበታል። እኔ የማምነው እንጀራ ላይ የሚለጠፈው ጥፋት ባብዛኛው ያልተለካ ዘይት ጥፋት መሆኑን ነው። ወደ ታች በቁጥር አሳያችኋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ይህን ያለ ሐኪም ምክር አይጀምር። የስኳር ሕመም ኖሮባችሁ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ምግብ ስትቀንሱ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ የመድኃኒቱ መጠን ከምግቡ ጋር አብሮ መታየት አለበት። ምግብን በመፍራት ወይም በልቶ በማስመለስ የተፈተነ ሰው ደግሞ ቁጥር መቁጠር ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላልና ይህን መንገድ ይተወው። ይህን ለወጉ ያህል የጻፍኩት አይምሰላችሁ፤ ከልቤ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ በ1 ግራም ልዩነት እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ የሰውነት ሚዛን፣ ደብተር ወይም ስልክ። አንዱን ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ የወጥ ቤቱን አስቀድሙ፤ ክብደታችሁን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ጂም ወይም ፋርማሲ ሄዳችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

የሚሸመደዱት ቁጥሮች ሦስት ናቸው። 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው። መጠጥ ለሚጠጣ አራተኛ አለ፤ 1 ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ነው። የታሸገ ምግብ ላይ ጉልበቱ በኪሎ ጁል ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ ለ4.184 አካፍሉት። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥር ለ100 ግራም መሆኑን፣ አሜሪካ ያላችሁ ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው «አንድ ጊዜ ለሚበላ» መጠን መሆኑን አትርሱ። ያ መጠን እናንተ በትክክል ከምትበሉት ሊያንስ ይችላል።

አንደኛ፦ ሰውነታችሁ በቀን የሚያጠፋውን ገምቱ

በሰፊው የሚሠራበት በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው የሚፍሊንና የሴንት ጂዮር ቀመር ነው። እንዲህ ይሰላል፦ ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲሜትር በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነስለታል። ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል። የሚወጣው ቁጥር ቀኑን ሙሉ ብትተኙ እንኳ ሰውነት ለመተንፈስ፣ ለልብ ምትና ለሙቀት የሚያወጣው ነው።

አንዲት ሴት እንውሰድ። ዕድሜዋ 34፣ ክብደቷ 72 ኪሎ፣ ቁመቷ 162 ሴንቲሜትር ነው፤ የቢሮ ሠራተኛ ናት፣ ታክሲ ለመያዝ ጠዋትና ማታ ትራመዳለች። 720 ሲደመር 1,012 ሲቀነስ 170 ሲቀነስ 161፤ 1,400 ገደማ ይሆናል።

ቀጥሎ በእንቅስቃሴ ይባዛል። ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል በ1.2፣ ቀላል እንቅስቃሴ ላለው በ1.375፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን በደንብ ስፖርት ለሚሠራ በ1.55፣ በጉልበት ሥራ ለሚተዳደር ወይም በየቀኑ ከባድ ልምምድ ላለው በ1.725። ሰው ሁሉ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚገምተው እዚህ ላይ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጂም የሚሄድ፣ ቀሪውን ጊዜ ግን ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር የሚዘዋወር ሰው 1.375 ይበቃዋል። ከሁለቱ በየትኛው እንደሆናችሁ ካመነታችሁ ዝቅተኛውን ያዙ። የእኛይቱ ሴት 1,400 በ1.375፣ 1,925 ገደማ ታጠፋለች። ይህን ብትበላ ክብደቷ ባለበት ይቆማል።

ይህ ግምት ነው። አንድ ዓይነት ክብደትና ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች መካከል በቀን የመቶዎች ካሎሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ቀመሩን እንደ መነሻ ያዙት፤ ትክክለኛው ቁጥር መጨረሻ ላይ በምናየው የእርምት ስሌት ይወጣል።

ሁለተኛ፦ ምን ያህል እንደምትቀንሱ ወስኑ

1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ከሚጠፋው ከ10 እስከ 20 በመቶ መቀነስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የእኛይቱ ሴት 15 በመቶ ብትቀንስ ወደ 1,640 ትወርዳለች፤ 1,650 ብለን እናጠጋጋው። ጉድለቱ በቀን 275፣ በሳምንት 1,925 ነው፤ ይህም ሩብ ኪሎ ስብ ነው። በወር አንድ ኪሎ ማለት ነው።

አንድ ኪሎ በወር ሲባል ብዙ ሰው ፊቱ ይጠቁራል። ሠርግ ደርሶ ወይም ከውጭ ዘመድ ሊመጣ ነው ብሎ በቀን 900 ካሎሪ የሚበላ ሰው አውቃለሁ። ኪሎው ይወርድለታል፤ ግን ከስቡ ጋር ጡንቻውም ይሄዳል፣ እንቅልፉ ይበላሻል፣ ሠርጉ ባለፈ በወሩ የወረደው ይመለሳል። ያለ ሐኪም ክትትል ሴት ከ1,200፣ ወንድ ከ1,500 በታች ባይወርዱ ጥሩ ነው። ብዙ ኪሎ ያለባችሁ ከሆነ 20 በመቶ መቀነስ ትችላላችሁ፤ በሳምንት ከክብደታችሁ 1 በመቶ በላይ ከወረደ ግን ምግብ ጨምሩ።

መወፈር ለሚፈልግ ስሌቱ ይገለበጣል። ከሚያጠፋው ላይ ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ይጨምራል፣ ክብደት ማንሳት ይጀምራል። ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ሦስተኛ፦ ፕሮቲን፣ ከዚያ ስብ፣ ከዚያ የቀረው

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ፕሮቲን መጀመሪያ የሚተመነው ሁለት ሥራ ስላለው ነው፤ ካሎሪ ሲቀንስ ጡንቻን ይጠብቃል፣ ከሌሎቹ ይበልጥም ያጠግባል። ለጤነኛ አዋቂ ዝቅተኛው 0.8 ግራም በኪሎ ክብደት ነው። ክብደት እየቀነሰ ጡንቻውን ማቆየት ለሚፈልግ፣ በተለይ ስፖርት ለሚሠራ፣ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም ይመከራል። ክብደቱ በጣም የበዛ ሰው አሁን ባለው ኪሎ ካሰላ ሊደርስበት የማይችል ቁጥር ይወጣለታል፤ ቁመቱን በሴንቲሜትር ወስዶ 100 ይቀንስና በዚያ ያስላ። 110 ኪሎ የሚመዝን ባለ 170 ሴንቲሜትር ሰው በ70 ያሰላል ማለት ነው።

የእኛይቱ ሴት 72 በ1.6፣ 115 ግራም ፕሮቲን። በ4 ሲባዛ 460 ካሎሪ።

ስብ ቀጥሎ ይመጣል። ለሆርሞንና እንደ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያሉ ቫይታሚኖች ወደ ሰውነት እንዲገቡ ያስፈልጋል፤ ከ0.6 ግራም በኪሎ በታች አታውርዱት። 0.8 ገደማ ለእኛ ምግብ ይስማማል። ለእሷ 55 ግራም፤ በ9 ሲባዛ 495 ካሎሪ።

የቀረው ሁሉ ለካርቦሃይድሬት ነው። 1,650 ሲቀነስ 460 ሲቀነስ 495፣ 695 ይቀራል፤ ለ4 ሲካፈል 174 ግራም። የፍስክ ቀን ቁጥሯ ይኸው ነው፦ 1,650 ካሎሪ፣ 115 ፕሮቲን፣ 55 ስብ፣ 174 ካርቦሃይድሬት።

በየቀኑ ቁጥሩን በትክክል መምታት አይጠበቅባችሁም። ካሎሪው 100 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢል፣ ፕሮቲኑ በ10 ግራም ቢጎድል ምንም አይደለም። ካርቦሃይድሬትና ስብ እርስ በርስ ቢለዋወጡም ችግር የለም፤ ሁለቱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ጠቅላላ ካሎሪንና ፕሮቲንን። የአሰር (ፋይበር) ነገር ብዙ አያሳስበንም፤ ለ1,000 ካሎሪ 14 ግራም ነው የሚባለው፣ ጤፍ፣ ምስርና ጎመን የሚበላ ሰው ሳያስበው ይደርስበታል።

አራተኛ፦ ለጾም ቀን ሁለተኛ ቁጥር ይኑራችሁ

ከሌላ አገር የተቀዳ መመሪያ ሁሉ እዚህ ላይ ይሰበራል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚጾም ሰው ረቡዕና ዓርብ አለው፣ 55 ቀን የዐቢይ ጾም አለው፣ የነቢያት ጾም አለው፣ ፍልሰታ አለችው፤ አንድ ላይ ሲደመር ከዓመቱ ግማሽ ገደማ ነው። ግማሽ ዓመት የማይሠራ ቁጥር ደግሞ ቁጥር አይባልም።

ጾም ኪሎ ለመቀነስ አይጾምም። ይህን የምለው ሰው ሁለቱን እንዳያደባልቅ ነው። እኔ የጾሙን ነገር ለነፍስ አባት ትቼ ሰውነት በጾሙ እንዳይጎዳ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ብቻ ነው የምናገረው።

በጾም ቀን 115 ግራም ፕሮቲን መድረስ ለአብዛኛው ቤት ይከብዳል። የጥራጥሬ ፕሮቲን ብቻውን አይመጣም፤ ካርቦሃይድሬት ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለጾም ቀን ፕሮቲኑን ወደ 1.2 ግራም በኪሎ አውርዱት። ለእኛይቱ ሴት 85 ግራም ይሆናል፤ ስቡን 50 አድርገን የቀረውን ለካርቦሃይድሬት ብንሰጥ 215 ግራም ይደርሳታል። ካሎሪው ያው 1,650 ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚጾምበት ወቅት አማካይ ፕሮቲኗ 106 ግራም ይሆናል፤ ምንም አይጎድልባትም።

ቀኑ በምግብ ሲተረጎም እንዲህ ነው። እንጀራ 350 ግራም፣ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን። ጥሬ ክክ ምስር 80 ግራም፣ 19። የሽሮ ዱቄት 60 ግራም፣ 12 ተኩል። ደረቅ የሶያ ሥጋ 50 ግራም፣ 26። ኦቾሎኒ 20 ግራም፣ 5። ጎመን 200 ግራም፣ 5። ዘይት 30 ግራም፣ ለሁሉም ወጥ አንድ ላይ። ሲደመር ወደ 1,640 ካሎሪና 85 ግራም ፕሮቲን ይሆናል። ከዚህ ላይ የሶያ ሥጋውን አውጡና ተመልከቱት፤ ፕሮቲኑ 60 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በረጅም ጾም ላይ አንድ ነገር ጨምሩ ብባል አኩሪ አተር እላለሁ፤ ሶያ ሥጋም ይሁን ቶፉ ወይም ሽሮ ውስጥ የሚደባለቅ የአኩሪ አተር ዱቄት። ሶያውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በደንብ ጨምቃችሁ ቁሌት ውስጥ ብትጨምሩት የቁሌቱን ጣዕም ይጠጣል፤ ሳይጨመቅ ከገባ ግን ያ የማይወደድ ሽታው አይለቅም።

እንጀራና ምስር አብረው መበላታቸውም ዝም ብሎ ልማድ ብቻ አይደለም። ጥራጥሬ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ በእህል ውስጥ አለ፤ እህል የሚያንሰው ላይሲን ደግሞ በጥራጥሬ ውስጥ ሞልቷል። አያቶቻችን አንድ ገበታ ላይ ያገናኟቸው ይሟላሉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው፣ በረመዳን የሚጾም ሙስሊምም፣ ቁጥሩን መለወጥ አያስፈልገውም፤ የሚለወጠው ስንት ጊዜ ተከፍሎ እንደሚበላ ነው። ፕሮቲኑን በአንድ ጊዜ ከምትጨርሱት ለሁለት ክፈሉት፤ በማፍጠሪያና በሱሑር፣ ወይም ጾሙ ሲፈታና ከመኝታ በፊት። ያለዚያ ሆድ ሾርባና ሳምቡሳ ይሞላና ፕሮቲኑ ሳይበላ ይቀራል።

አምስተኛ፦ ድስቱን መዝኑ

የዚህ ሁሉ ልብ ይሄ ነው፤ ጊዜ የምሰጠውም ለዚሁ ነው።

እናቴ ዘይት የምትለካው በዓይኗ ነው፤ ወጧ ደግሞ አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። አንድ ቀን ምስር ወጥ ስትሠራ እጇን ሳልይዝ የዘይቱን ጠርሙስ ብቻ ከመጨመሯ በፊትና በኋላ መዘንኩት። 870 ግራም የነበረው 730 ሆነ። 140 ግራም ዘይት። የገባውን ሁሉ ጻፍኩ፦ ክክ ምስር 500 ግራም፣ 1,750 ካሎሪ። ሽንኩርት 600 ግራም፣ 240። ዘይት 140 ግራም፣ 1,240። በርበሬ 40 ግራም፣ 120። ውሃና ጨው ካሎሪ የላቸውም። ድምሩ 3,350።

ወጡ ሲወርድ ድስቱን እንዳለ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ 3,100 ግራም። ባዶ ድስቱ 900 ስለሆነ ወጡ 2,200 ግራም ነው። 3,350ን ለ22 ሳካፍል 100 ግራም ወጥ 152 ካሎሪ ሆነ። በተመሳሳይ መንገድ ፕሮቲኑ 6 ግራም፣ ስቡ 7 ግራም ገደማ፣ ካርቦሃይድሬቱ 17 ግራም ወጣ። እቤታችን አንድ ጭልፋ 110 ግራም ይይዛል፤ ሁለት ጭልፋ ወጥ 335 ካሎሪ ነው።

አሁን ዘይቱን ተመልከቱት። ከ3,350 ውስጥ 1,240፣ ከሦስት እጅ አንዱን ያልፋል፤ ዘይቱ ግን በትሪው ላይ አይታይም። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ራሷ ግማሹን፣ 70 ግራም ጨምራ ሠራችው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ከዚያም ውሃ ጠብ እያደረገች በደንብ አቁላልታ ዘይቱን ኋላ ላይ ነው ያስገባችው። ድስቱ በሙሉ 620 ካሎሪ ቀነሰ፤ የበላነው ሰዎች ልዩነቱን አላወቅንም። ግማሽ ከሆነ በኋላም ቢሆን ለእያንዳንዳችን በቂ ስብ ነበረው። ቅቤም ላይ ያው ነው፤ ንጥር ቅቤ በግራም ወደ 9 ካሎሪ ነው፣ ከዘይት አይለይም።

የአሠራሩ ደረጃ ይህ ብቻ ነው። ጥሬ ዕቃውን ከመግባቱ በፊት መመዘን፣ ድምሩን መያዝ፣ የበሰለውን መመዘን፣ ማካፈል። አንድ ወጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሠራበት በኋላ ቁጥሩ ደብተራችሁ ላይ አለ፤ ዘይቱን እስካልቀየራችሁ ድረስ ደግማችሁ ማስላት አይኖርባችሁም። የእኔ ደብተር ውስጥ ያሉት አሥራ አንድ ወጦች ናቸው፤ የዓመቱ ምግባችን ከሞላ ጎደል እነሱ ናቸው።

ጥሬና የበሰለ እንዳይምታታባችሁ። 100 ግራም ጥሬ ምስር 350 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 100 ግራም በውሃ ብቻ የተቀቀለ ግን 116። ልዩነቱ ውሃ ነው። ሥጋ ተቃራኒው ነው፤ ሲበስል ውሃ ስለሚያጣ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ ከ70 እስከ 75 ግራም ይሆናል።

እንጀራስ? 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 367 ካሎሪና 13 ግራም ፕሮቲን አለው። እንጀራ ደግሞ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ 100 ግራሙን 150 ካሎሪ፣ 5 ግራም ፕሮቲን፣ 30 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 1 ግራም ስብ ብላችሁ ያዙት። «አንድ እንጀራ ስንት ካሎሪ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ የምጣዱ ስፋትና የሊጡ ውፍረት ከቤት ቤት ይለያያል። መዝኑት። ከሱቅ የምትገዙትን አምስቱን አንድ ላይ መዝናችሁ ለአምስት አካፍሉ። ሩዝ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራም ካሎሪው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚቀንሰው ማዕድኑና አሰሩ ነው።

መጠጡን አትዝለሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም፣ 16 ካሎሪ ነው። በሦስት ማንኪያ አራት ስኒ ሻይ የሚጠጣ ሰው 190 ካሎሪ ጠጥቷል፤ ይህ ለእኛይቱ ሴት ከቀኑ ጉድለት ሦስት እጅ ሁለቱን ይወስዳል። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ ነው። ቡና ያለ ስኳር ምንም ማለት አይደለም፤ ከቡናው ጋር የሚመጣው ቆሎ ግን 100 ግራሙ ከ350 ካሎሪ በላይ ነው፣ ኦቾሎኒ ከተቀላቀለበት ደግሞ ይብሳል። አንድ ጭብጥ መዝናችሁ እወቁት።

ስድስተኛ፦ ከአንድ ትሪ ላይ ሲበላ

ቤተሰብ አብሮ የሚበላበትን ትሪ ለቁጥር ብላችሁ አትተዉት። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ እንጀራዬን አስቀድሜ መዝኜ እጠቀልለዋለሁ፣ ወጤን በጭልፋ ቆጥሬ ከፊቴ አወጣለሁ፣ ከዚያ ከሁሉም ጋር እበላለሁ። ከፊቴ ያለው ሲያልቅ ጨርሻለሁ። ሥር ያለው እንጀራ ወጡንና ዘይቱን የጠጣው ነውና ከሱ ከበላሁ አንድ ሩብ እንጀራ ብዬ እጽፈዋለሁ። የተጎረስኩትን ጉርሻ አንዱን 50 ካሎሪ እለዋለሁ። ትልቅ ሰው ያጎረሳችሁን ጉርሻ ለስሌት ብላችሁ አትመልሱ።

ሠርግ፣ ክርስትና፣ ለቅሶ ቤት ሚዛን አይወጣም። እንዲህ ያለ ቀን ሲኖር ጠዋት ፕሮቲን የበዛበት ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ሁለት እንቁላል (12 ግራም ፕሮቲን፣ 145 ካሎሪ) በልታችሁ ሂዱ፤ እዚያ በልታችሁ ጥገቡ፤ ማታ ያላችሁትን ግምት ከፍ አድርጋችሁ ጻፉ። ከዚያ ሳምንቱን እዩት። 1,650 በ7፣ 11,550 ነው። ቅዳሜ 2,400 የበላ ሰው በሌሎቹ ስድስት ቀናት 125 እየቀነሰ ይመልሰዋል። በማግስቱ ሙሉ ቀን ምንም አለመብላትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ያ ሰው ማታ ላይ ምን እንደሚያደርግ በደንብ አውቃለሁና።

ሰባተኛ፦ ሚዛኑን አንብባችሁ ቁጥሩን አርሙ

ክብደት ጠዋት፣ ከመጸዳጃ በኋላ፣ ከምግብና ከውሃ በፊት ይመዘናል። አንድ ቀን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ በሳምንቱ የመዘናችሁትን ሁሉ አማካይ ያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት በፍጥነት የሚወርደው አብዛኛው ውሃ ነው። ግላይኮጅን የሚባለው፣ ሰውነት ያከማቸው ካርቦሃይድሬት፣ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ አብሮ ይወጣል። ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ሁለት ኪሎ የጨመረ ሰውም ሁለት ኪሎ ስብ አልጨመረም፤ ለዚያ ከሚያጠፋው በላይ 15,000 ካሎሪ መብላት ነበረበት። ጨው፣ ውሃና ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ ነው፤ በሳምንት ይወርዳል። ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲቃረብ ውሃ ስለሚይዙ ይህን ወር ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያነጻጽሩ።

አራት ሳምንት ሳይሞላ ቁጥሩን አትንኩት። ሲሞላ እንዲህ አስሉ። የእኛይቱ ሴት የመጀመሪያ ሳምንት አማካይ 72.0፣ የአራተኛው 71.6 ሆነ እንበል። በሁለቱ መካከል 21 ቀን አለ። 0.4 በ7,700፣ 3,080 ካሎሪ፤ ለ21 ሲካፈል በቀን 147። ደብተሯ ላይ የጻፈችው አማካይ 1,700 ከሆነ የሚጠፋው 1,700 ሲደመር 147፣ 1,850 ገደማ ነው እንጂ ቀመሩ እንዳለው 1,925 አይደለም። አዲሱ ግቧ ከዚህ 15 በመቶ ሲቀነስ 1,570 ይሆናል። የቀነሰውን 80 ካሎሪ ከካርቦሃይድሬት ወይም ከስብ ታወጣለች፤ ፕሮቲኑ አይነካም።

ይህን ስሌት የምወደው የመዝገብ ስህተትንም ስለሚያርም ነው። በየቀኑ የምትረሳው አንድ ጭብጥ ቆሎ ቢኖር እንኳ የምትረሳው በተመሳሳይ መጠን እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ ውስጥ ተካቷል። ለዚህ ግን መዝገቡ ታማኝ ይሁን፤ 2,400 የተበላበትን ቅዳሜ የዘለለ ደብተር ይህን ስሌት መሥራት አይችልም።

ክብደታችሁ በ4 ወይም 5 ኪሎ በለወጠ ቁጥር ከአንደኛው ደረጃ ጀምራችሁ እንደገና አስሉ፤ የቀለለ ሰውነት የሚያጠፋው ይቀንሳል። ሦስት ወር ገደማ ከቀነሳችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምታጠፉትን ያህል ብሉ፤ ረሃቡ ጋብ ይላል፣ ስፖርቱም ይሻሻላል። እኔ ይህን የማደርገው ከገና ወይም ከፋሲካ ጋር አገጣጥሜ ነው።

የፈለጋችሁበት ኪሎ ላይ ስትደርሱ ሁሉንም መመዘን ቀስ በቀስ ተዉት። መጀመሪያ አትክልቱን፣ ቀጥሎ ወጡን፣ ቀጥሎ እንጀራውን። በመጨረሻ በእኔ ወጥ ቤት የቀሩት ሁለት ልማዶች ናቸው፤ ፕሮቲኑን በቃሌ እቆጥራለሁ፣ ዘይቱን ከማፍሰሴ በፊት ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣለሁ።